የመጨረሻው ቡድን ሳይዘጋ

በዩኒቨርሲቲው የቅየሳ ክፍል ውስጥ «ሹክሹክታ» የሚሏት ተማሪ ነበረች። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ለማውጣትም ብዙ አልደከሙም። ስሟን የጠየቃት ሰው ሁለቴ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ካላቀረበ አይሰማትም። የጥያቄ መልስ ስታውቅ ከጎኗ ለተቀመጠችው ልጅ ትነግራታለች፤ ልጅቷ እጇን አውጥታ ትመልሳለች፤ ምስጋናውንም ይዛ ትቀመጣለች። ሹክሹክታ በዚህ ቅር አይላትም ነበር። እንዲያውም እፎይ ትል ነበር።

ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። ወላጆቻቸው በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲያልፉ ታላቂቱ ደብተሯን ዘግታ ከስፌት መኪና ኋላ ተቀመጠች፤ የሰፈሩ ተማሪ የለበሰው ዩኒፎርም ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው። ትንሿ ፊደል የቆጠረችው በዚያች ጠባብ የስፌት ክፍል ውስጥ ነበር። እህቷ መጽሐፉን ወደ ራሷ አዙራ መኪናው ላይ ትዘረጋና እግሯ እየረገጠ፣ አፏ እያነበበ ታስተምራታለች። ትንሿ ደግሞ ሌላ መቆሚያ ስለሌለ ከፊት ለፊት ቆማ ትከተላለች። እንዲህ ሲሆን ፊደሉንም ቁጥሩንም ተገልብጦ ማንበብ ለመደች። አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት መጽሐፉን ቁልቁል ይዛ ስታነበንብ ያየቻት አስተማሪ ራሷን ይዛ ቀረች አሉ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ እህቷ አውቶብሱ ድረስ ሸኘቻትና፣ «እንግዲህ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ እኔ ልብስ እንጂ አፍ ሰፍቼ አላውቅም» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ቀልዱ ግን አልጠቀመም። በመጀመሪያው መንፈቅ ግማሹ ማርክ ቆሞ በማስረዳት የሚገኝ ነበርና ሹክሹክታ ማስጠንቀቂያ ይዛ ወጣች። በሁለተኛው መንፈቅ አንድ ትምህርት ከወደቀች ሻንጣዋን ይዛ መሄድ ነው። ለእህቷ አልነገረቻትም። ስልክ ስትደውልላት «ደኅና ነኝ፣ ሁሉም ደኅና ነው» ትላለች፤ እህቷም «ምን አልሽ?» ትላለች።

በሁለተኛው መንፈቅ ከሁሉ የከበደው ትምህርት ቅየሳ ነበር። አስተማሪው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰፊ ባርኔጣ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ተማሪው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ውሃልክ»። የመሣሪያው ውሃልክ ላይ ያለችው አረፋ ከመሃል በፀጉር ስንጣቂ ካፈነገጠች «እንደገና» ይላሉ፤ ከ«እንደገና» ሌላ ቃል ያላቸው የማይመስልበት ቀን ነበር።

ሥራው ለማያውቀው ቀላል ነው። አንዱ በሦስት እግር በቆመው መሣሪያ መነጽር ያያል፤ ሌላው ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ራቅ ብሎ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሦስተኛው የሚጠራለትን ቁጥር ይጽፋል። እንዲህ እያሉ ከአንድ ከታወቀ ነጥብ ተነሥተው፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ እየለኩ፣ ግቢውን ዞረው እዚያው ነጥብ ላይ ይመለሳሉ። የተነሡበትና የተመለሱበት ከፍታ ልዩነት የመዝጊያ ስህተት ይባላል፤ በዚያ ዙር ላይ እስከ አሥራ አምስት ሚሊሜትር ይፈቀዳል። መሣሪያው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ዘንግ ያዡ ከቆመበት ድንጋይ ንቅንቅ አይልም። ከተነቃነቀ መስመሩ ይበጠስና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ዘንግ መያዝ ፀሐይ ላይ መገተር ነው፤ ክብር ያለው ሰው አይፈልገውም።

ጋሽ ውሃልክ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ተራ በተራ መነጽሩ ላይ አቆሟቸው። የክፍሉ መሣሪያዎች አሮጌ ስለነበሩ ዓለምን ገልብጠው ነው የሚያሳዩት፤ ሰዉ ከላይ በእግሩ ተንጠልጥሎ፣ ቁጥሩም ቁልቁል ሆኖ ይታያል። ተማሪው አንገቱን እያጣመመ ሲንገላታ ሹክሹክታ ዓይኗን አስጠግታ ወዲያው አነበበች። እህቷ ፊት ለፊት የቆመች መሰላት። ግን ቁጥሩን የጠራችው ለራሷ ነበር።

«አልተሰማም!» አሉ ጋሽ ውሃልክ ከወዲያ ማዶ።

ደገመችው።

«አልተሰማም!»

ጸሐፊው ሮጦ መጥቶ ጆሮውን ሰጣት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። መጥተው በመነጽሩ አዩና ጸሐፊው የያዘውን ቁጥር አስተያዩ፤ ትክክል ነበር። «አንቺ ከመነጽሩ አትነሽም» አሏት። «ዓይንሽ የሚያየውን ልብሽ ካላመነ ግን ምን ዋጋ አለው?»

ሌላም ደንብ ነበራቸው። የመጨረሻው ቡድን ዙሩን ሳይዘጋ ማንም መሣሪያውን አጥፎ አይሄድም። ይህ ደንብ ከሁሉ በላይ የከነከነው «ሚኒስትሩን» ነበር። ክፍሉ ሰባት ቡድን ነበረው፤ ሚኒስትሩ የአንደኛው ቡድን መሪ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚሄድና በጥያቄ ሁሉ ላይ መግለጫ ስለሚሰጥ ነው ይህን ሹመት ያገኘው። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበር፤ ጎበዝ መሆኑንም ከማንም ቀድሞ ያወቀው እሱ ነው። ቡድኑ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጨርስና ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ «ከራስ በላይ ነፋስ» እያለ የኋለኞቹን ይጠብቃል። የመጨረሻው ቡድን የሹክሹክታ ነበር፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ቁጥር ወደ እሷ መሮጥ ነበረበት።

አንድ ቀትር ላይ ጋሽ ውሃልክ ጥላው ሥር ያሉትን ምንም ሳይሏቸው አለፏቸው። የሹክሹክታን ቡድን ዘንግ ያዥ «አንተ ዕረፍ» ብለው ዘንጉን ተቀበሉት፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆሙ። ሽማግሌ አስተማሪ ፀሐይ ላይ ተገትሮ እያዩ መጋደም ደግሞ ለሚኒስትርም ቢሆን አይመችም። መጀመሪያ አንዱ ተነሣ፤ ከዚያ ሌላው፤ በመጨረሻ ሚኒስትሩም ሱሪውን እያራገፈ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጨረሰ ቡድን ላልጨረሰው ዘንግ መያዝ ጀመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው የሚፎክሩም አልጠፉ።

ነገሩ ግን ሲውል ሲያድር ሌላ መልክ ያዘ። ሚኒስትሩ በሰው ፀሐይ መቃጠሉ አልዋጥ ሲለው በፈተናው ዕለት አንድ ብልሃት አመጣ። «ምድሩ አንድ፣ መነሻው አንድ፣ መድረሻው አንድ» አለ፤ «ታዲያ ቁጥሩ ለምን ሰባት ዓይነት ይሆናል? የኛን ውሰዱና ሁላችንም በጊዜ እንሂድ።» ሲሰጥም እየሳቀ፣ በለጋስነት ነበር። ሹክሹክታ ያን ዕለት የራሷን ዙር ዘግታ ጨርሳ ነበር። የራሷን ቁጥር አየችው፤ የሚኒስትሩን አየችው። ተለያዩ። ከተለያዩ ደግሞ የተሳሳተችው እሷ መሆን አለባት፤ ይህን ለማሰብ ጊዜ እንኳ አልወሰደባትም። የራሷን አጥፍታ የእሱን ጻፈች።

በማግስቱ ጋሽ ውሃልክ ክፍል ውስጥ ቆመው ውጤቱን በቃል ጠየቁ።

«ቡድን አንድ?»

«አሥራ አራት ሚሊ» አለ ሚኒስትሩ።

«ቡድን ሁለት?»

«አሥራ አራት።»

«ሦስት?»

«አ... አሥራ አራት።»

አራተኛው ጋ ሲደርስ ከኋላ አንዱ አፍኖት የነበረው ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። አምስተኛው ጋ የሚስቅ አልነበረም። ሰባተኛዋ ሹክሹክታ ናት።

«አሥራ አራት» አለች ወደ መሬት።

«አልተሰማም» አሉ፤ የዚያን ዕለት ግን ቃሉን ያሉት እሳቸውም በሹክሹክታ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሰው ትክክሉን ከሰው ጋር ሊጋራ ይችላል። ስህተት ግን የየራስ ነው፤ መንታ እንኳ አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም።»

ይሰድቡናል ብሎ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ዘንግ መያዝ አሳየኋችሁ፤ ለምን እንደሚያዝ አልነገርኳችሁም። ለጓደኛዬ ዘንግ የምይዝለት እሱ እንዲያይ ነው፤ እኔ ላይለት አይደለም። አሁን ያደረጋችሁት መተጋገዝ አይደለም። የጓደኛችሁን ዓይን ነው ያወጣችሁት።» ሚኒስትሩ አንገቱ ድረስ ቀላ። ፈተናው እንደገና ከነገ ወዲያ እንደሚሆንና ይህኛው የመጨረሻ እንደሆነ ነገሯቸው።

ሰዉ ሲወጣ ሹክሹክታን አስቀሯት፤ ደብተሯ ላይ የተፋቀ ቁጥር አይተዋል። «ያጠፋሽው ስንት ነበር?»

«ስድስት።»

«አልተሰማም።»

«ስድስት ሚሊ፣ ጋሼ።»

ከሰባቱ ቡድን የተሻለውን ዙር የዘጋችው እሷ ነበረች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። «ስድስትሽን ለአሥራ አራት ለወጥሽው» አሉና ሌላ አልጨመሩም። እሷም ወደ መኝታ ክፍሏ ሄዳ ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ ማርኩ አልነበረም ያስለቀሳት። የራሷን ዓይን ራሷ መካዷ ነበር።

በፈተናው ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ይፋጃል። የሹክሹክታ ቡድን ዘንግ ያዥ ታሞ ቀርቷል። ሌላ ሰው ለመስጠት ሌላ ቡድን ማጉደል ነው፤ ጋሽ ውሃልክ «እኔ እይዛለሁ» አሉ። ማንም አልገረመውም፤ ከዚያ በፊትም ይዘውላቸው ያውቃሉ። ልባቸው ደካማ እንደሆነና ሐኪም ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ እንዳስጠነቀቃቸው ግን የሚያውቅ አልነበረም። እሳቸው ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ግን ከእልኸኝነታቸው አላዳናቸውም። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲያጋጥም መቆጣትም ያምራል፣ ማልቀስም ያምራል።

ሹክሹክታ ቁጥሩን እየጠራች፣ ጸሐፊው እየሮጠ፣ ዙሩ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ሁለት ማቆሚያ ብቻ ቀርቷታል። አረፋዋን መሃል አስገባች፤ መነጽሩ ላይ ጎንበስ አለች። ጋሽ ውሃልክ እንደተለመደው ተገልብጠው፣ ራሳቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ከዘንጉ ኋላ ቆመዋል። ዘንጉ ይወዛወዛል። ይህ ያለ ነገር ነው፤ ጎበዝ ዘንግ ያዥ ዘንጉን ሆን ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ ከሚታዩት ቁጥሮች ትንሹ እውነተኛው ነው። ትንሹን ልትይዝ ጠበቀች።

ዘንጉ ግን የሚወዛወዘው ወደ ጎን ነበር። ወደ ጎን የሚያወዛውዝ የለም። መነጽሩን ትንሽ ዝቅ አደረገችው። እጃቸውን አየች፤ ጣቶቻቸው ዘንጉ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ከንፈራቸው ተከፍቷል። ጉልበታቸው ሊከዳቸው ነው፤ እግራቸው ግን ከድንጋዩ አልተነቃነቀም። ከተነቃነቀ መስመሯ ይበጠሳልና።

ሜዳው ላይ የነበረ ሌላ ሰው ሁሉ የሚያየው ሩቅ የቆመ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ነው። ልባቸው ሲከዳቸው የምታየው እሷ ብቻ ናት። ቁጥሩም እዚያው ነበር፤ ተገልብጦ፣ ጥርት ብሎ። በአንድ ትንፋሽ ልታነበው ትችላለች። ካነበበችው ታልፋለች። ዓይኗን ከመነጽሩ ነቀለች።

«ጋሼ ይቀመጡ!»

ድምፁ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። ግቢውን አቋርጦ ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ገጭቶ ተመለሰ። «ይቀመጡ! ያዟቸው! ኧረ የሰው ያለህ፣ ያዟቸው!»

ቅርብ የነበረው ሚኒስትሩ ነው። ዘንግ ይዞ ነጥብ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዘንጉን ወርውሮ ሮጠ፤ ሽማግሌው መሬት ሳይነኩ ብብታቸው ሥር ገባ። ከየአቅጣጫው ሰባቱም ቡድን ነጥቡን ጥሎ ተንጋጋ። ሹክሹክታ ስትደርስ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ቁጥሩን ያዝሽ?» አሏት።

«አልያዝኩም።»

ተሸክመዋቸው ወደ ክሊኒኩ፣ ከዚያም በመኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ማታ፣ የጉብኝት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ቆሙ። የጋሽ ውሃልክ የመጀመሪያ ጥያቄ «የዘጋ ቡድን አለ?» የሚል ነበር።

«የለም ጋሼ» አለ ሚኒስትሩ።

«አንድም?»

«አንድም የለም። ሁላችንም ጥለን መጣን።»

«ዘንድሮ ሁለቴ እኩል ሆናችሁ» አሉ ሽማግሌው። «በመጀመሪያው አፍሬ ነበር።» ስለ ሁለተኛው ምንም አላሉም፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቀረረ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን አልጋ አጠገብ አልነበሩም። እሳቸው ጋ ደንብ ነው ያለው፤ ያልተጠናቀቀ ፈተና ዜሮ ነው። ለሌላው ዜሮው ቁስል ነው፤ ለሹክሹክታ መባረር ነው። ተማሪው ተሰልፎ ቢሯቸው ገባ፤ ሚኒስትሩ የተለመደ መግለጫውን ሊጀምር ሲል ኃላፊው አቋረጡት። «መጀመሪያ መሣሪያውን ጥሎ የሄደው ማነው?»

መልሱ ማንን እንደሚያስቀጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሚኒስትሩ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ።

«እኔ ነኝ» አለች ሹክሹክታ። «የጮህኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ ቢደገምም ቁጥሩን ጥዬ እጮሃለሁ። ፈተናው ይደገምልን፤ የሚቆጣጠረን ባይኖርም እንሠራለን። ዙራችን የማንም ግልባጭ አይሆንም፤ ከሆነ እኔን ያባርሩኝ።»

በውጭ ያለችው ጸሐፊ ስትተይብ የነበረውን አቆመች። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አንድ ቀንም ፈቀዱ።

ያን ቀን ተቆጣጣሪ አልነበረም። የሹክሹክታ ጸሐፊ አንዴም አልሮጠም፤ ቁጥሩ እሱ ያለበት ድረስ ይመጣ ነበር። ቀድሞ የዘጋው የእሷ ቡድን ነው። የሚኒስትሩ ቡድን ከተፈቀደው አልፎ ሃያ አንድ ሚሊ ላይ ወጣ፤ እሱም ራሱ ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። እንደገና መጀመር ነበረበት። ስድስቱ ቡድን ጨርሶ መሣሪያውን ሳያጥፍ ጠበቀ። ዘንጉን ማን ይዞለት ዞረ? ሹክሹክታ። «ቁጥርሽን ስጪኝ» አላላትም፤ እሷም አልሰጠችውም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ጋሽ ውሃልክ ወደ ሜዳው አልተመለሱም፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ የሬሳ ሳጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ሚኒስትሩ ነበር። ዛሬ መንገድ ይሠራል፤ አዲስ ቀያሽ ሲቀጠር የመጀመሪያውን ቀን ዘንግ እሱ ይይዛል አሉ። ሹክሹክታ ተመረቀች፤ እህቷ የሰፋትን የምረቃ ጋዋን ራሷ አጥብባላት ከፊት ወንበር ተቀመጠች። አሁን ያንን ትምህርት የምታስተምረው እሷ ናት።

ከሁሉ ግን ሊነገር የሚገባው ፈተናው ያለቀ ማግስት ነው። ሰባቱን ውጤት ይዛ ሆስፒታል የሄደችው እሷ ነበረች። ጋሽ ውሃልክ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ ወረቀት የመያዝ አቅም አልነበራቸውም። «አንብቢልኝ» አሏት። አንድ በአንድ አነበበች፦ አሥራ አንድ፣ ሰባት፣ አሥራ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ የሚኒስትሩ በሁለተኛው ዙር ስምንት። ሰባቱም ይለያዩ ነበር። በእያንዳንዱ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የራሷ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ የድሮውን ያህል ሆነ።

«አልተሰማም» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አምስት፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ደግማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ክፍሉ እስኪሞላ ጮኸች፦ «አምስት ሚሊ! አምስት!»

ነርሷ በሩን ከፍታ ገባች። «እባክሽ እህቴ፣ ሕመምተኞች አሉ፤ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ተያት ሲስተር» አሉ ሽማግሌው። «እሷን ዛሬ ገና ነው የሰማኋት።»